ለአትክልቱ የተቀደደ ሻሽ

«ለቶዋ አይቀደድም» ሲሉ ሰማኋቸው አክስት ኛንን። እኔ ጓሮ በር ላይ ቁጢጥ ብዬ ሳህን አጥባለሁ፤ እሳቸው ሳሎን ውስጥ፣ ከሬሳ ሣጥኑ ግርጌ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሻሽ እየቀደዱ ነው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ የጥድ ጣውላ ነው። ቤቱ ሲሠራ እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በዚያ ቤት ተደብቆ የቀረ ወሬ ኖሮ አያውቅም። የሐዘን ሻሽ መቀስ አይነካውም፣ ጠርዙም አይሰፋም፤ በእጅ ይቀደዳል። ከንጋት ጀምሮ የመቀደዱን ድምፅ እየሰማሁ በሆዴ እከተል ነበር፤ ይሄ የቪን፣ ይሄ የሚስቱ፣ ይሄ የወንድም ልጆች እያልኩ። ከዚያ የእኔ ስም ተነሣ፤ ድምፁም ቆመ።

ቪን አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ቪን የሟቿ የእማማ ሎክ የበኩር ልጅ ነው፤ የእኔም የቀድሞ ባል። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ በቃ። «አንድ ልጅ በሁለት ምራት እናቱን አይቀብርም» አሉ አክስት ኛን፣ እንደሚያስረዳ ሰው ዝግ ብለው። «ሟቿ ራሷ ትደናገራለች። ሻሽ ለወገን ነው። ቶዋና አንተ ከተፋታችሁ ስንት ዘመን ሆነ። ትርዳን፣ ትብላ፣ ታልቅስ። ሻሽ ግን አይሆንም።» መቅደዳቸውን ቀጠሉ።

ከጎኔ የቀርከሃ ቡቃያ እየላጡ የነበሩት ጎረቤታችን እማማ ሃው ቢላዋቸውን አቆሙ። «አልሰማሽም አይደል?» አሉኝ።

«አልሰማሁም።»

«ጎሽ። እኔም አልሰማሁም።» ቡቃያውን ገልበጥ አድርገው ላጡት። «እሷ ሴትዮ ግን እግሯ እንዲያ አብጦ አፏ አለማበጡ ይገርማል።»

አክስት ኛን ክፉ ሴት አይደሉም። የአማቴ የአባባ ካን ታላቅ እህት ናቸው፤ ከሁዌ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው፣ እግራቸው አብጦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው ዳላት የደረሱት። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ በሣጥኑ ራስጌ ለሟቿ የተቀመጠውን የሩዝ ጎድጓዳ ሳህን አዩ፤ እንቁላሉ መላጡን፣ ሁለቱ የመብያ እንጨቶች ቀጥ ብለው መቆማቸውን፣ መብራቱ አለመጥፋቱን። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት። ሻሽ የመቅደዱ ነገር እሳቸውን ሲጠብቅ ነው የቆየው፤ የዚያን ቤት ወግ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። መልካሙን ሰዓት የሚያየው አዋቂ ደግሞ ሣጥኑ ከሰዓት በኋላ ይውጣ ብሎ ስለነበር ጊዜው አጭር ነበር። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም እጄ አረፋው ውስጥ እንደገባ ቀረ። ያለ ሻሽ ሬሳ የምትከተል ሴት ጎረቤት ናት፤ ከኋላ ከእማማ ሃው ጋር፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራች የምትሄድ። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግንባሬ ላይ ነጭ ታስሮ ከሣጥኑ ኋላ ከልጆቿ ጋር መሄድ። በሕይወቷ ሳለች እማ ብዬ ጠርቻታለሁ፤ ቪን ወደ ሳይጎን ሄዶ ሌላ ካገባ በኋላም እማ ብያታለሁ፤ አንድም ቀን አልታረምኩም።

ለምን እንዳልሄድኩ ሰው ይጠይቀኛል። ልብሴን በሻንጣ የከተትኩት አንዴ አይደለም። እሷ ግን «ተቀመጪ» ብላ ለምና አታውቅም። «ካሮቱ ሳይነቀል?» ትላለች። ካሮቱ ይነቀላል። «ጽጌረዳው ከቴት፣ ከአዲስ ዓመቱ በዓል በፊት ሳይገረዝ? እኔ ወገቤን እንዲህ አሞኝ?» ጽጌረዳው ይገረዛል። ከዚያ ሰላጣው ይደርሳል፣ ከዚያ አርቲቾኩ፣ ከዚያ ውርጭ የመታው ችግኝ ይተካል። እንዲህ እንዲህ እያልን የወቅቱ ማለቂያ ሳይመጣ ቀረ። ሻንጣው ውስጥ በመጨረሻ የዘር ከረጢት አስቀመጥንበት።

«ይሄ ደግሞ የማነው ቆሻሻ ውሃ?» አሉ እማማ ሃው። ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አንሥተው ሊደፉት ነው። ከእጃቸው ቀማኋቸው ማለት ይቻላል። የድንብላል ዘር ነበር። ከመሞቷ በፊት በነበረው ምሽት በጠርሙስ እያንከባለለች ለሁለት ለሁለት ከፍላው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራው፣ «ጠዋት እንዘራዋለን» ብላኝ ነበር የተኛችው። በዚያው አልተነሣችም። ሰው ሁሉ ለሣጥን፣ ለድንኳን፣ ለከበሮ መቺ ሲሯሯጥ ዘሩን ያስታወሰ አልነበረም። ውሃው ሽቷል፤ ፍሬው ግን አብጦ፣ የአንዳንዱ ጫፍ ነጣ ብሎ ሊፈነዳ ደርሷል። ውሃውን ለወጥኩለትና እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት። እማማ ሃው ቢላዋቸውን አነሡ። «እሱም የሚጠብቀው ሰው አለው» አሉ።

ከዚያ ነው የቪን ሚስት ትሪን ከጓሮው በኩል ጽጌረዳ ታቅፋ የመጣችው። ነጭ የምራት ቀሚስ ለብሳለች፤ ቆቡ እስከ ዓይኗ ወርዷል፤ እጅጌው እጇን ውጦታል። ከውሃ ጋኑ አጠገብ ያለውን፣ ነጣ ያለ ሮዝ የሚያብበውን ቁጥቋጦ ነው የቆረጠችው። ፊቷ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለ ነገር አየሁ፤ በሰው ቤት ሐዘን መሃል አንድ የሚጠቅም ሥራ ያገኘ ሰው ደስታ። አልፋኝ ገባች። ተከትያት እስከ በሩ ሄድኩ።

«ከየት ነው?» አሉ አክስት ኛን።

«ከጓሮ፣ አክስቴ። እማ ይወዱት ነበር ብዬ… ለሣጥኑ።»

ውጭ ድንኳን ሥር ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ። እማማ ሃው ከኋላዬ «ውይ» አሉ በዝግታ። «ያልተነገረውን ቆረጠችው።»

ትሪን ፊታችንን በየተራ አየች። የሳይጎን ልጅ ናት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያደገችው። ማንም ሊያስረዳት አልደፈረም። ሰው ሲሞት የተከላቸው ነገሮች ይነገራቸዋል፤ እያንዳንዱ ነጭ ይታሰርለታል፣ ባለቤትህ ሄዳለች፣ አንተ ግን ቆይ ይባላል። ካልተነገራቸው ይከተላሉ። በእኛ ሰፈር ይሄን ያላየ የለም፤ ሟቹ በተቀበረ በወሩ ከሥሩ የደረቀ የኮክ ዛፍ፣ አንድ ሌሊት ጥቁር ሆኖ ያደረ ሐረግ። እንግዲህ ሳይነገረው፣ ሳይታሰርለት፣ ያውም ቆርጦ ሟቿ ላይ ማስቀመጥ ማለት አትክልቱን ራሱን ከሣጥኑ ጋር ማስገባት ነው።

አክስት ኛን የያዙትን ሻሽ ጭናቸው ላይ አኖሩት። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሰዉን ስቆጥር አትክልቱን ረሳሁ። ስንት ዘመን ይሄን ስሠራ ኖሬ።» ከዚያ ቀና ብለው በሩ ላይ አዩኝ፤ የቅድሙን እንደሰማሁ ገባቸው፤ እኔም እንደገባቸው ገባኝ። ከጣቃው የቀረውን ትራፊ ጠቅልለው ዘረጉልኝ። «ያንን ጓሮ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሣጥኑ ሳይወጣ ሁሉንም አልብሺ። ዝም ብለሽ አትሰሪ፤ ንገሪያቸው።»

የእኔ ያልተቀደደበት ጣቃ ትራፊ እጄ ላይ ነበር። ስስ ነው፤ ከአዲስነቱ የተነሣ የስታርች ሽታ አለው። ይዤው ወጣሁ።

ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ጓሯችን ሰፊ አይደለም፤ ከቤቱ ጀርባ እስከ ገደሉ አፍ፣ በደረጃ በደረጃ የተቆረጠ ቁልቁለት ነው። ላይ ኮኩና ጽጌረዳው፣ መሃል የአትክልት መደቦቹ፣ ታች ሱሱ የምንለው ሐረግ የተጫነበት የቀርከሃ ዳስ። ከኮኩ ጀመርኩ፤ ከሁሉም ትልቁ ስለሆነ። ግንዱን አቅፌ ሻሹን አዞርኩበት። እስከዚያች ደቂቃ «እማ ሞታለች» የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁትም ነበር። ቪን ዘንድ ስልክ የደወሉት እማማ ሃው ናቸው፤ ሐኪሙን ያናገረ ሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሰሚዬ የኮክ ዛፍ ሆነ። «እማ ሎክ ሄዳለች» አልኩት። «አንተ ግን አትከተላት።» ከቅርንጫፉ የተጠራቀመ ጤዛ አንገቴ ላይ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። ጽጌረዳዎቹን አንድ በአንድ አሰርኩ። የእኛ ጽጌረዳዎች ሁሉ በጫካ ሥር ላይ የቆሙ ናቸው። እሷ ከጫካ አሜኬላ የሆነ ሥር ቆፍራ ታመጣለች፤ ቅርፊቱን በትንሽ ቢላዋ ሰንጥቃ የጥሩ ጽጌረዳ እንቡጥ ትሰካበታለች፤ ከዚያ በፕላስቲክ ቁራጭ ታስረዋለች። ሁለቴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር፣ ጫፉን ደግሞ በጥርሷ ይዛ ትስበዋለች። ሲያዩአት ፀጉር የምትጎነጉን ትመስላለች። ያልያዘ እንደሆነ ትሰድበዋለች፤ «አንተ ሰነፍ፣ የእናትህ ቤት መሰለህ?» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ የቡና ቤት ባለቤት አጥሩ ላይ የተጠመጠመውን አሮጌ ጽጌረዳ ከነሥሩ ንቀዪልኝና አዲስ ሞተር ሳይክል ልግዛልሽ ብሏት ነበር። አየችውና «ሞተር ሳይክል በየትኛው ወር ነው የሚያብበው?» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ መልስ እየጠበቀች ነበር።

ውሃ ጋኑ አጠገብ ስደርስ ትሪን ቆማ አገኘኋት። «እትዬ ቶዋ» አለችኝ። ከዚያን ቀን በፊት በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ስንገናኝ ሁለታችንም አንድ ነገር ፍለጋ ወደ ማጀት እንገባ ነበር። «የቆረጥኩት ይሄን ነው። እኔ ብነግረው ይሆናል?»

ሻሽ ቀድጄ ሰጠኋት። ጎንበስ ስትል ሰፊው እጅጌ እሾሁ ላይ ተያዘ፤ እየፈታሁላት አጠገቧ ቆየሁ። የምትለውን ስላላወቀች በጆሮዋ ነገርኳት፤ ደገመችው። ከራሷ ደግሞ «ይቅርታ፤ አላወቅኩም ነበር» ብላ ጨመረችበት። ቀና ስትል ቆቡን ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። «ልብሱ ሰፍቶኛል» አለች፣ ሳታየኝ። ምን ማለቷ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ልብሱ ሰፍቷት ነው። «ገመድ እሰሪበት፤ አክስት ኛን ማገር ላይ አላቸው» አልኳትና ወደ ታች ወረድኩ።

መደቦቹ ጋ ስደርስ ግራ ገባኝ። ሰላጣ ይታሰርለታል? ተመልሼ በማጀት በኩል ጠየቅኩ።

«ሰላጣ ሐዘን አይቀመጥም» አሉ አክስት ኛን። «በወሩ የሚበላ ነገር ነው።»

«እኔም በወሬ የምበላ ነኝ እንግዲህ» አሉ እማማ ሃው። «ያው የእሷ እጅ ነው የተከለው። እኔ ስሞት ለዶሮዎቼ ሳይቀር እሰሩላቸው። አለበለዚያ ተከትለውኝ እዚያም እንቁላል ለቀማ ላይ ልውል ነው።»

አክስት ኛን ሳቃቸውን ዋጡት፤ ትከሻቸው ግን ተንቀጠቀጠ። ሟች ባለበት ቤት ነውር መሆኑን አስታወሱና ሳል አስመሰሉት። «ለየመደቡ አንድ ችካል ይተከል፤ ለሁሉም አንድ ተወካይ ይበቃል» ብለው ፈረዱ።

እንደዚያው አደረግኩ። ለሰላጣው፣ ለካሮቱ፣ ለሽንኩርቱ፣ ለአርቲቾኩ። አንዱ መደብ ባዶ ነበር፤ ተኮትኩቶ፣ ብስባሽ ለብሶ፣ በእጇ ተዳምጦ። የጣቶቿ ፈለግ ዳር ዳሩ ላይ ይታያል። የድንብላሉ መደብ ነው። ምንም ስለሌለበት ችካል አልተከልኩበትም፤ እዚያ ላይ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ዝናቡ ቢመጣ ያ ፈለግ ይጠፋል ብዬ ቆርቆሮ ፈልጌ ላለብሰው አሰብኩ፤ ከዚያ ያሰብኩትን አፈርኩበት።

መጨረሻ የቀሩት የድንጋይ ሎተሶቹ ነበሩ። ከቤቱ ጎን፣ በታዛው ሥር፣ እስከ ጣራ በሚደርስ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ወፋፍራም ቅጠላቸው እንደ ጽጌረዳ የተነባበረ፣ አንዳንዱ አመድማ፣ አንዳንዱ ጫፉ የቀላ። እሷ ማሰሮ ገዝታላቸው አታውቅም። በተሸረፈ ሳህን፣ እጀታው በተሰበረ ማንቆርቆሪያ፣ ጆሮ በሌለው ሲኒ ውስጥ ነው የምትተክላቸው። አንድ ቅጠል ከወደቀ አታነሣውም፤ ባለበት ሥር ያወጣል። አባባ ካን በደህናው ዘመናቸው «ይቺ ሴት ድንጋይ ለመትከል ስትል ሳህን ትሰብራለች፤ በዚህ ቤት ሙሉ ሳህን ያለው እንግዳ ብቻ ነው» እያሉ ያስቁን ነበር። ድንጋይ ነበር የሚሏቸው፤ «ድንጋዮችሽን ውሃ አጠጣሽ?» እያሉ። አንድ ቀን ግን ሆስፒታል ገብታ ያደረች ጊዜ በባትሪ እየፈለጉ ሁሉንም ከውርጭ ሲያስገቡ አይቻቸዋለሁ።

አሁን እሳቸው እዚያው መደርደሪያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ግማሽ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ዝርግ ነው፤ ቃላቸውም ከአንድ ሁለት አያልፍም፤ ያም ቢሆን ሲፈልግ ነው የሚወጣው። ሰዉ ሁሉ እየመጣ እጃቸውን ሲጨብጥ ውሎ ደክሞት እዚያ አስቀምጧቸው ሄዷል። የታሰረላቸው የሐዘን ሻሽ ተንሸራቶ ቅንድባቸው ላይ ወድቋል። አስተካከልኩላቸው። ከፊታቸው ቁጢጥ ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። ለእያንዳንዱ ሳህን የሚበቃ ሻሽ የለኝም፤ በየረድፉ አንዳንድ እያደረግኩ የመደርደሪያው ቋሚዎች ላይ አሰርኩ። ስናገር ሰሙኝ። «እማ ሎክ ሄዳለች፤ እናንተ አትከተሏት።»

«ድንጋይ» አሉ አባባ ካን።

«አዎ፣ አባባ። ድንጋዮቿ።»

ሁሉም አለቀ። ጣቴ ላይ አንዲት ቁራጭ ቀረች። ከፍ አድርጌ አየኋት። ማንም አልነበረም፤ ከድንኳኑ የካርታ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ግንባሬ ላይ አስጠጋኋት፤ ጫፎቹን ወደ ኋላ ሳብኳቸው። አልተገናኙም። ለቅርንጫፍ እንጂ ለሰው የሚበቃ አልነበረም። እንደያዝኩት ቆየሁ፤ ከዚያ ዓይኔ ከአባባ ካን ዓይን ጋር ተጋጨ፤ እጄን ቶሎ አወረድኩ። ሲሰርቅ የተያዘ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት፤ ሻሹን ጨበጥኩና ሲኒ የማስተካክል መሰልኩ።

ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ሻሹን የሚፈልጉ አልመሰለኝም፤ ለመነሣት ድጋፍ የፈለጉ መስሎኝ እጄን ሰጠኋቸው። እጄን ገለበጡት። ጣቶቼን ከፈቱ፣ ሻሹን አወጡ። አንጓዬ ላይ አኖሩና አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ያዙ። ጊዜ ወሰደባቸው። ሁለት ጊዜ አመለጣቸው፤ ልረዳቸው ስል ጉልበቴን በክርናቸው ገፉኝ። ሁለቴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር። ከዚያ እንደ እሷ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ቀልበስ አድርገው ሳቡት። ጽጌረዳ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለካ ያን ሁሉ ዘመን በረንዳ ላይ ሬድዮ ሲሰሙ ያዩ ነበር።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ሲፈልግ ነው የሚወጣው ብያለሁ። ጠበቅኩ።

«አትከተይ» አሉ።

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው። በርጩማው እግር ላይ ተደፍቼ፤ ድምፅ ሳላሰማ፤ ሰው እንዳይመጣብን። እሳቸው አልዳሰሱኝም። አጠገባቸው ካለው ሲኒ የወደቀች አንዲት ወፍራም ቅጠል አንሥተው አፈሩ ላይ መልሰው ሲያስቀምጧት ነበር።

ከበሮው ሲመታ ገባን። ተሸካሚዎቹ በጥቁር ልብስ ተሰልፈዋል፤ አለቃቸው ሁለት የእንጨት ቁራጮች ይዞ በመጋጨት ያዛቸዋል። መኪናው የኛ ደረጃ ስለማያስወጣው ታች መንገድ ላይ ነው የቆመው። ቪን የእናቱን ፎቶ ይዞ ፊት ቆሟል፤ ሲያየኝ ዓይኑ እጄ ላይ ወደቀ።

«ምንድን ነው እሱ?»

እጄን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ።

«ቶዋ፣ ዛሬን እንኳ…» ወደ አክስቱ ዞረ። «አክስቴ፣ ሰው ያያል። የሚወራውን ታውቂያለሽ። ይፈታ።»

አክስት ኛን መነጽራቸውን ከደረታቸው አውጥተው አደረጉ። አንጓዬን ይዘው ወደ መብራቱ አስጠጉት። ቋጠሮውን አገላብጠው አዩ፤ የጥርስ ፈለግ ያለበትን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ከኔ አልፈው፣ በሩ ላይ ተደግፈው የቆሙትን ወንድማቸውን አዩ። አባባ ካንም አዩአቸው።

«ርዝመቱ የሰው አይደለም» አሉ አክስት ኛን። «ይሄ የአትክልት ነው።»

«እና?» አለ ቪን።

«እናማ የሰው ሐዘን ቀኑ ሲደርስ ይፈታል፣ ይቃጠላል። የአትክልትን የፈታ ሰው አላየሁም። ዝናብ ነው የሚፈታው።» አንጓዬን ግን አልለቀቁትም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ተጠጉ። «አትክልት ደግሞ ሬሳ አይከተልም። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አክስቴ።»

«እወቂ ልጄ» አሉኝ፤ ለቀቁኝም።

እንጨቱ ተጋጨ። ሣጥኑ ተነሣ። በእኛ ወግ ባል ሚስቱን የሚሸኘው እስከ በር ነው፤ ስለዚህ አባባ ካንና እኔ አጥሩ በር ላይ፣ በአሮጌው ጽጌረዳ ሥር ቆምን። ደረጃው ጠባብና የሚያዳልጥ ስለነበር ተሸካሚዎቹ እግር በእግር ነው የወረዱት። ቪን ፎቶውን ይዞ፣ ትሪን ወገቧን በገመድ ታጥቃ፣ ከዚያ ዘመድ፣ ከዚያ ጎረቤት። እማማ ሃው ሲያልፉ «ሩዙ ምድጃ ላይ ነው፤ እንዳያርር» አሉኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ጭጋጉ መጀመሪያ ሣጥኑን፣ ከዚያ ነጭ የለበሱትን ወሰደ። ነጩ ከጭጋጉ ጋር አንድ ስለሆነ ጥቁር ፀጉራቸው ብቻ ለጥቂት ጊዜ ታየኝ። ዘልዬ ልወርድ እግሬን አንሥቼ ነበር። አንጓዬ ላይ መሳብ ተሰማኝ፤ አባባ ካን የሻሹን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘውታል። ጠንክረው አልያዙትም። ብስብ ይለቁት ነበር። አልሳብኩትም። ከበሮው ታች መንገድ ላይ እስኪጠፋ፣ የመኪናው ሞተር እስኪነሣ፣ የጎረቤት ውሻ መጮኹን እስኪተው እንደዚያ ቆምን።

ከዚያ ሩዙን አወጣሁ። ማጀቱ በሰው ሳህን ተሞልቷል። የድንብላሉ ዘር እርጥብ ጨርቁን ለብሶ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ገልጬ ሳየው ጥቂቶቹ ፈንድተው ነጭ ክር የመሰለ አውጥተዋል። ሌላ ቀን የሚጠብቅ አልነበረም። ሳህኑን ይዤ አባባ ካንን በብብታቸው ደግፌ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ወደ ባዶው መደብ ወረድን። በርጩማውን መደቡ ጫፍ ላይ አደረግኩላቸው። የጣቶቿ ፈለግ አሁንም ነበረ። በእሱ ላይ ቦይ መጎተት ስለነበረብኝ ትንሽ ዘገየሁ፤ ከዚያ ጎተትኩ።

ከሳህኑ አዘገንኳቸው። በግራ እጃቸው በተኑ፤ ግማሹ አንድ ቦታ ላይ ተከመረ። እሷ ብትኖር «ለወፍ ነው የምትዘራው?» ትላቸው ነበር። ይሄን ያሰብነው አብረን ይመስለኛል፤ እሳቸውም የአፋቸው አንድ ጎን ፈገግ አለ። ከመር ያለውን በጣቴ በተንኩ፣ አፈር አለበስኩ፣ ገለባ ደረብኩበት። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ ችካል አነሣሁ። ሻሽ አልቋል። ለዚህኛውስ ምን ይባላል? የነከረችው እሷ ናት፤ ሲበቅል ግን አታየውም፤ አያውቃትም።

«ምን ልበለው አባባ?» አልኳቸው።

መደቡን፣ ከላይ ያለውን ኮክ፣ በየችካሉ የሚውለበለበውን ነጭ አዩ።

«ምንም» አሉ።

ችካሉን መለስኩት። በእሷ ማጠጫ ውሃ ቀድቼ፣ እንዳስተማረችኝ ከፍ አድርጌ፣ እንደ ካፊያ አዘነብኩበት። ካፊያው ራሱ ደግሞ ከጥዶቹ በኩል ጀመረ፤ ሁለቱ ውሃ ተቀላቀለ። አንጓዬ ላይ ያለው ሻሽ ረጠበ። ዝናብ ይፈታዋል ብለው ነበር አክስት ኛን። ሲርስ ግን ጠበቀ።